ቴርሞሜትሩ የት ነው የቆመው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ግንቦት ሲጋመስ ኮምቦልቻ ላይ ወሬው ሁሉ ሙቀት ነው። «ዘንድሮስ ባሰ» ይባላል፤ ጋዜጣውና ራዲዮውም ተከትሎ «የከተማዋ ሙቀት ይህን ያህል ዲግሪ ደረሰ» ይላል። ዲግሪው በየትኛው ግቢ፣ በምን መሣሪያ፣ በስንት ሰዓት እንደተለካና ከየትኛው ዓመት ጋር እንደተነጻጸረ ግን ዜናው ውስጥ አይገኝም። ጥያቄያችን አጭር ነው፤ የሙቀት አኃዝ ሲጻፍ ከነጣቢያው ይጻፍ፣ ጣቢያውም ከነታሪኩ ይታወቅ። ምክንያቱ ግን ትንሽ ይረዝማል።

ከቀላሉ እንነሣ። ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚያውቅ ሁሉ ግን ጋቢውን የት ላይ እንደሚያወልቅ ያውቃል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየር በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ በዚህ ሂሳብ በሁለቱ መካከል የ4 ዲግሪ ልዩነት አለ። አውሮፕላን ማረፊያው ሁለቱንም ከተሞች ስለሚያገለግል አኃዙን ወስዶ «ደሴ» ብሎ የሚለጥፍ ሰው ደሴን በአንድ ጊዜ በ4 ዲግሪ አሞቃት ማለት ነው። ስልክ ላይ የሚታየው ዲግሪም ብዙውን ጊዜ ከጣቢያ የተነበበ ሳይሆን በሞዴል የተሰላ ነው። ሞዴሉ ሰፊ መሬትን በአንድ አማካይ ከፍታ ስለሚወስድ የጦሳን ተራራ ጫፍ ከቦርከና ሜዳ ጋር ይደባልቀዋል። ለሠርግ ድንኳን ለመትከል ይበቃ ይሆናል፤ «ሙቀት ጨመረ» ለማለት ግን አይበቃም።

ነገሩ ስውር የሚሆነው በአንድ ከተማ ውስጥ ሲሆን ነው። ብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ (የዛሬው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት) በ2007 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው የአየር ንብረት ለውጥ መላመድ መርሐ ግብር፣ የአገሪቱ ዓመታዊ ዝቅተኛ ሙቀት ከዚያ በፊት በነበሩት 55 ዓመታት በየ10 ዓመቱ 0.37 ዲግሪ ያህል መጨመሩን ይገልጻል። ይህን 0.37 ዲግሪ በከፍታ ስንመነዝረው 57 ሜትር ይሆናል። ደሴ ላይ 57 ሜትር ምን አላት? ከጦሳ ግርጌ ካለ ግቢ ወደ መሐል ከተማ ሲወረድ የሚገኝ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ጣቢያ ከአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ተነሥቶ ዝቅ ወዳለ ሌላ ግቢ ቢዛወርና መዝገቡ በአንድ ስም ቢቀጥል፣ የ10 ዓመት የአየር ንብረት ለውጥ በአንድ ቀን ጭነት ተጓጓዘ እንደማለት ነው።

ይባስ ብሎ ሂሳቡ ሌሊት ይገለበጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማይ ጠርቶ ነፋስ ሲያርፍ ቀዝቃዛ አየር ከተራራው ጎን እንደ ውኃ ተንሸራቶ ረባዳው ላይ ይተኛል፤ ውርጭ መጀመሪያ ተዳፋቱን ማሳ ትቶ የጉድባውንና የረግረጉን ዳር የሚመታውም ለዚህ ነው። በዚህ ጊዜ ዝቅ ያለው ግቢ ከፍ ካለው ይቀዘቅዛል። ያው የተዛወረ ጣቢያ ቀን ሙቀት ጨመረ፣ ሌሊት ሙቀት ቀነሰ ብሎ ይመዘግባል፤ ሁለቱም የቦታ ለውጥ ውጤት ናቸው።

አሁን ወደ ከተማው ሙቀት እንምጣ። ከተማ አየር የሚያሞቀው ቀትር ላይ ይመስላል፤ ጎልቶ የሚታየው ግን ሌሊት ነው። ሉክ ሃዋርድ የተባለው የለንደን መድኃኒት ቀማሚ ከ200 ዓመት በፊት የከተማንና የገጠርን ቴርሞሜትር ሲያነጻጽር ከተማው ሌሊት በ2 ዲግሪ ያህል ሞቆ፣ ቀን ግን እንዲያውም በጥቂቱ ቀዝቅዞ አግኝቶታል። ኮንክሪት፣ ብሎኬት፣ አስፋልትና ጥርብ ድንጋይ ቀን የጠጡትን ፀሐይ ሌሊቱን ሲለቁት ያድራሉ። ፊት ለፊት የተጋጠሙ ፎቆች ደግሞ ሰማዩን ይጋርዳሉ፤ መሬት ሙቀቱን የሚለቀው ወደ ጠራ ሰማይ ስለሆነ ጠባብ ጎዳና ቀስ ብሎ ነው የሚበርደው። ሦስተኛው ውኃ ነው። ሣርና ማሳ የፀሐይን ጉልበት በብዛት የሚያውሉት ውኃ ለማትነን ነው፤ ድንጋይ የተነጠፈበት መሬት የሚያተነው ስለሌለው ጉልበቱ በቀጥታ አየሩን ወደ ማሞቅ ይሄዳል። ቆርቆሮ የተለየ ጠባይ አለው። ቀጭን ስለሆነ ቀን እጅ ያቃጥላል፣ ፀሐይ ስትገባ ግን ቶሎ ይበርዳል። አፈር ግቢ፣ ጌሾና ኮክ የነበረው የድሮ የደሴ ሰፈር በጂ ፕላስ 3 ሕንፃና በኮብልስቶን ሲተካ ታዲያ መጀመሪያ የሚያሳብቀው የንጋቱ ዝቅተኛ ሙቀት ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ጣት የሚቀሰረው ወደ ፋብሪካዎቹ ነው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ጨምሮ ብዙ ነገር ተገንብቷል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከጭስ ማውጫው ከሚወጣው ሙቀት ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ ሚዛን የሚደፋው ሣርና እርሻ የነበረው መሬት ሼድ፣ ኮንክሪትና የመኪና ማቆሚያ መሆኑ ነው። ይህም ቢሆን የሚሰማው በአካባቢው ነው፤ ነፋስ ሲነሣና ደመና ሲጋርድ ልዩነቱ ይሟሽሻል።

ቴርሞሜትሩ የት ይቁም ለሚለው ጥያቄ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ከ1 እስከ 5 የተከፈለ የቦታ ደረጃ አለው። ይህ እኛ አገር ጣቢያዎችን በሚሠሩት ሥራ አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ደረጃ እያልን ከምንከፍለው የተለየ ነው፤ አራተኛ ደረጃ ጣቢያ ዝናብ ብቻ፣ ሦስተኛው ዝናብና ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ይለካል። የቦታው ደረጃ የሚመለከተው ዙሪያውን ነው። በ1ኛው ደረጃ መሬቱ ሜዳ ወይም ተዳፋቱ ከ19 ዲግሪ ያነሰ፣ ሣሩ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያጠረ መሆን አለበት፤ ሕንፃ፣ ኮንክሪት ወይም የመኪና ማቆሚያ ከ100 ሜትር ወዲህ መቅረብ የለበትም፤ ፀሐይ ከአድማስ 5 ዲግሪ ከፍ ካለች በኋላ ጥላ ሊያርፍበት አይገባም። ለ2ኛው ርቀቱ 30 ሜትር፣ ለ3ኛው 10 ሜትር ነው። በ3ኛው ደረጃ ቦታው ብቻውን እስከ 1 ዲግሪ፣ በ4ኛው እስከ 2፣ በ5ኛው እስከ 5 ዲግሪ ስሕተት ሊጨምር ይችላል ተብሎ ይወሰዳል።

«መቅረብ የለበትም» ሲባል ግን አንዲት ጠጠር አትታይ ማለት አይደለም፤ ልኬት አለው። ለ1ኛ ደረጃ በ100 ሜትር ዙሪያ ውስጥ ሙቀት ሰጪው ገጽ ከ10 በመቶ፣ ከ10 እስከ 30 ሜትር ባለው ቀለበት ውስጥ ከ5 በመቶ፣ በ10 ሜትር ዙሪያ ውስጥ ከ1 በመቶ መብለጥ የለበትም። ወደ ካሬ ሜትር እንለውጠው። የ100 ሜትሩ ዙሪያ 31,400 ካሬ ስለሆነ የሚፈቀደው 3,140 ካሬ ነው። ቀለበቱ 2,500 ካሬ ገደማ ነው፤ የሚፈቀደው 125 ካሬ፣ ማለትም አንድ መካከለኛ ቤት። የ10 ሜትሩ ዙሪያ 314 ካሬ ነው፤ የሚፈቀደው 3 ካሬ ብቻ። 3 ካሬ እንግዲህ አንድ የልብስ ማጠቢያ ሊሾ ነው። የትምህርት ቤት ጥበቃ «ዝናብ ስለሚያጨቀየው» ብሎ ከአጥሩ በር እስከ መሣሪያው ድረስ ሲሚንቶ ካፈሰሰ ደረጃው በዚያው ቀን ወረደ።

ደሴን ለሚያውቅ ሰው 100 ሜትር ሜዳ ፈልጎ ማግኘት እንደ ቀልድ ነው። ቦታ ያለው ሆጤ ስታዲየም ነው፤ እዚያ ደግሞ ኳስ አለ። እኛ የምንለው ሁሉም ጣቢያ 1ኛ ደረጃ ይሁን አይደለም። 30 ዓመት በአንድ ቦታ ሳይነካ የቆየ የ3ኛ ደረጃ ጣቢያ፣ በየ5 ዓመቱ «የተሻለ ቦታ ተገኘ» እየተባለ ከሚንከራተት ጣቢያ ለአየር ንብረት ጥናት እጅግ ይሻላል። ቋሚ ስሕተት ሲቀነስ ይጠራል፤ የሚዋልል ስሕተት ግን ከለውጡ ጋር ይቀላቀላል። አስቸጋሪው ጉዳይ ሌላ ነው። ጣቢያው አንድ ስንዝር ሳይነቃነቅ ከተማው ወደ እሱ ይመጣል። መጀመሪያ አንድ ቢሮ፣ ቀጥሎ ጋራዥ፣ ከዚያ የአጥሩ እንጨት በብሎኬት ግንብ ይተካል። በመዝገቡ ላይ «ቦታ፦ አልተለወጠም» ተብሎ ይጻፋል፤ እውነትም አልተለወጠም፣ የተለወጠው ዙሪያው ነው።

መሣሪያውም የራሱ ጣጣ አለው። ቴርሞሜትሩ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ነጭ በተቀባና ጎኖቹ ዘመም ብለው በተደረደሩ ቀጫጭን ጣውላዎች በተሠራ ሳጥን፣ በስቲቨንሰን ስክሪን ውስጥ ይቀመጣል። ነጩ ቀለም ለውበት አይደለም፤ አቧራ ለብሶ ሲደበዝዝ ወይም ሲላጥ ሳጥኑ ፀሐይ ይጠጣል፣ ቀን ከፍተኛው ሙቀት ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ከዚያ አንድ ቀን ቀለም ይቀባና መዝገቡ ላይ «የሙቀት መቀነስ» ይታያል። የሳጥኑ በር ጉዳይ ደግሞ በተለይ እኛን ይመለከታል። መጻሕፍቱ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በሩ ወደ ሰሜን ይዙር ይላሉ። ይህ ለአውሮፓ ይሠራል። ደሴና ኮምቦልቻ ግን 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆኑ ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን ነው የምታልፈው። ሰኔ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት በሩን የከፈተ ሰው ፀሐይዋን በቀጥታ የቴርሞሜትሩ አምፑል ላይ ይለቃታል፤ ሰኔ ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ክረምቱ ሳይገባ ሙቀቱ የሚጠናበት ወር ነው። መፍትሔው በሰሜንና በደቡብ ሁለት በር ያለው ሳጥን፣ ካልሆነም በሰውነት ጋርዶ ፈጥኖ ማንበብ ነው። ሲነበብ አስቀድሞ የዲግሪው ክፍልፋይ፣ ቀጥሎ ሙሉው ቁጥር፤ የሰው ትንፋሽ ክፍልፋዩን ይለውጠዋልና።

የዝቅተኛው ሙቀት ቴርሞሜትር አልኮል ነው የሚይዘው። በጊዜ ብዛት አልኮሉ ተንኖ ጫፉ ላይ ይጠራቀማል ወይም የአልኮሉ ዘንግ ይቆረጣል፤ ያኔ መሣሪያው ከእውነተኛው በታች ያነባል፣ ለሳምንታትም ማንም ላያስተውል ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የአልኮሉ ጫፍ በዚያች ቅጽበት የሚያሳየው ከደረቁ ቴርሞሜትር (የወቅቱን የአየር ሙቀት ከሚያሳየው ተራ ቴርሞሜትር) ጋር መግጠም አለበት፤ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከተለያየ ዘንጉ ይመርመር። ከፍተኛውን የሚለካው ሜርኩሪ ደግሞ ከተነበበ በኋላ ተራግፎ ካልተመለሰ የትናንቱን ሙቀት ዛሬም ይደግመዋል። በመዝገብ ውስጥ ሁለት ተከታታይ ቀን በነጥብ ሳይቀር አንድ ዓይነት ከፍተኛ ሙቀት ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ይህንን ነው።

የእኛ የዘመን አቆጣጠርም ወጥመድ አለው። የምልከታ መዝገብ በፈረንጅ ወር ይጠቃለላል፤ ጋዜጣ «የሰኔ አማካይ» ሲል ጁንን ነው ወይስ ሰኔን? በመካከላቸው ሰባት ቀን አለ፣ በሰኔ መጨረሻ ዝናብ ከጣለ ሰባት ቀን ብዙ ይለውጣል።

ዛሬ አውቶማቲክ ጣቢያ እየተተከለ ነው፤ ጥሩ ነው። ሆኖም የአውቶማቲኩን ሙቀት ለኪ የምትከልለው ትንሿ የፕላስቲክ ሳህን ድርድር እንደ ትልቁ የእንጨት ሳጥን አትሠራም፤ ነፋስ በሌለበት ፀሐያማ ቀን ከ1 ዲግሪ በላይ አብልጣ ልታነብ ትችላለች፤ ለአጭር የሙቀት ውልብታም ፈጣን ናት። ስለዚህ አሮጌው ሳይነቀል ሁለቱ ጎን ለጎን ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ቢቻል ሁለት ዓመት አብረው መነበብ አለባቸው። አዲሱ በገባ ማግስት አሮጌውን ነቅሎ ዕቃ ግምጃ ቤት ማስገባት ንብረት አያያዝ ይመስላል፤ በተግባር የ30 ዓመት መዝገብ ለሁለት መሰበር ነው።

የተሰበረ ወይም የተበረዘ መዝገብ እንዴት ይታወቃል? በጎረቤት ነው የሚፈተነው። ከኮምቦልቻ ዓመታዊ አማካይ ዝቅተኛ ሙቀት ላይ የአንድ ጎረቤት ጣቢያን ቀንሱ፤ በከፍታ የሚቀርበውን የሰሜን ወሎውን ሲሪንቃ፣ ሐይቅን፣ ማጀቴን እያፈራረቁ። ኤልኒኞም ይሁን ድርቅ ሁሉንም አንድ ላይ ስለሚነካ በመቀነሱ ይጠፋል፤ የሚቀረው የጣቢያዎቹ የግል ጠባይ ነው። የቀረው መስመር በአንድ ዓመት ላይ እንደ ደረጃ ድንገት ከዘለለ ጣቢያ ተዛውሯል፣ መሣሪያ ተቀይሯል ወይም ሠራተኛ ተተክቷል። ቀስ እያለ ወደ ላይ ካዘገመ ከተማው እየተጠጋ ነው። ዝላዩ ከሁሉም ጎረቤት ጋር ሲቀነስ ከታየ ጥፋቱ የኮምቦልቻ ነው፤ ከሲሪንቃ ጋር ብቻ ከታየ የሲሪንቃ ነው። ይህን ለመሥራት ኤክሴል ይበቃል። የሚጎድለው የጣቢያ ታሪክ ነው፤ መቼ ተዛወረ፣ መቼ ተቀባ፣ መቼ ግንብ ተሠራ።

ሌላም ማጣሪያ አለ። ሌሊቶቹን ነፋሻማና ፀጥ ያሉ ብሎ ለሁለት መክፈል ነው። የከተማ ሙቀት በነፋሻማ ሌሊት ስለሚበተን፣ ጭማሪው ፀጥ ባሉት ሌሊቶች ብቻ ከታየ የከተማው ነው፤ በሁለቱም እኩል ከታየ ግን ሰፊው አየር ራሱ ሞቋል። የእንግሊዝ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ተመራማሪ ዴቪድ ፓርከር በ2004 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ባሉ ጣቢያዎች ይህንን ሠርቶ በሁለቱ ሌሊቶች ጭማሪ መካከል ልዩነት አላገኘም።

ይህን የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከላይ ያልነውን ሁሉ ሰምቶ «እንግዲያውስ ዓለም ሞቀች የሚባለው የአስፋልት ውጤት ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አይደለም። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ፓነል ተመራማሪዎች መዝገቡን መርምረው፣ የከተማና የመሬት አጠቃቀም ለውጥ በዓለም የየብስ ሙቀት ጭማሪ ውስጥ ያለው ድርሻ ከ10 በመቶ መብለጡ የማይመስል ነው ብለዋል፤ የምድርን 71 በመቶ የሸፈነው ውቅያኖስም ከተማ የለበትም፣ እሱም ሞቋል። በአንድ ጣቢያ ላይ ግን የቦታው ስሕተት ከለውጡ ሊበልጥ ይችላል። የዓለም አማካይ በብዙ ሺህ ጣቢያ ይጠራል፤ ኮምቦልቻ ያላት ግን አንድ እጅ ጣት የማይሞላ ነው።

ደግሞም የከተማ ሙቀት «ስሕተት» የሚሆነው ጥያቄያችን የአየር ንብረት ለውጥ ሲሆን ነው። ጥያቄው ሰው ሌሊት እንዴት ይተኛል፣ ወባ እስከ የትኛው ሰፈር ይወጣል ከሆነ የሚፈለገው ራሱ የሰፈሩ ሙቀት ነው። የወባ ጥገኛ ተውሳክ በትንኝዋ ሆድ ውስጥ እድገቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ በታች ይቆማል፤ ስለዚህ ለጤና ባለሙያው የ1 ዲግሪ የሌሊት ልዩነት ተራ ነገር አይደለም። አንድ ጣቢያ ሁለቱንም ጥያቄ መመለስ አይችልም። አንዱ ከከተማው ውጭ በተጠበቀ ሣር ላይ፣ ሌላው በመሐል ሰፈር ሆን ተብሎ ይቁም፤ ስማቸውም አይደባለቅ።

የከተማውን ሙቀት መጠን ለማወቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንድ መኪናና በአንድ ዲጂታል ቴርሞሜትር በአንድ ሌሊት ሊለኩት ይችላሉ። ዳሳሹ በነጭ መከላከያ ውስጥ ሆኖ ከሞተሩ ሙቀት ርቆ በመኪናው ጣሪያ ፊት ለፊት ይታሰር። በበጋ፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ምሽት፣ ፀሐይ ከገባች ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ ከኮምቦልቻ ዳር ካለ ማሳ ተነሥቶ በመሐል ከተማ አልፎ ሌላው ዳር ይደረስ፤ በዚያው መንገድ ይመለስ። በየ200 ሜትሩ ዲግሪውና ከፍታው ይመዝገብ፤ ቆሞ መጠበቅ አይገባም፣ የቆመ መኪና ራሱን ይለካል። የመሄጃውና የመመለሻው አማካይ ሲወሰድ አየሩ በጉዞው ጊዜ የቀዘቀዘው ይጣፋል። ደሴ ላይ ከፍታው ስለሚያወዛግብ መንገዱ በተቻለ መጠን አንድ ከፍታ ይዞ የሚሄድ ይሁን፤ ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ ያለውን ዳገት በሙሉ የከተማ ሙቀት ብሎ መጻፍ አይቻልም።

ለጋዜጣው ያለን ጥያቄ ይህ ነው፤ ዲግሪ ስታትሙ የጣቢያውን ስም፣ ከፍታውን፣ ከፍተኛ ወይስ ዝቅተኛ መሆኑንና ወሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በአንድ መስመር ጨምሩ። ለሁለቱ ከተሞች መሬት አስተዳደር ደግሞ፤ በጣቢያ አጥር ዙሪያ ያለውን 30 ሜትር ለሱቅም ለፓርኪንግም አትስጡ፣ የግድ ከሆነም ሥራው ከመጀመሩ አንድ ዓመት በፊት ኮምቦልቻ ለሚገኘው የምሥራቅ አማራ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ማዕከል አሳውቁ፤ ተተኪው ጣቢያ ጎን ለጎን ተነብቦ እንዲያድር። ጣቢያ በግቢያቸው ላላቸው ርእሳነ መምህራንም አንድ የማይከብድ ሥራ አለ። በየዓመቱ ጥር ላይ ከሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ወደ ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብና ምዕራብ አራት ፎቶ ማንሣት፣ በአራቱም አቅጣጫ እስከ ቅርቡ ግንብ ያለውን ርቀት በሜትር ለክቶ ከፎቶው ጀርባ መጻፍና ከምልከታ መዝገቡ ጋር ማስቀመጥ ነው፤ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍበት።

ከአክብሮት ጋር፣
ከኮምቦልቻና ከደሴ፣ በአየር ሁኔታ ምልከታ ሥራ ላይ ካሉ ባለሙያዎች